ከ«ሰማሁ» ወደ «ገባኝ»

ላይፍ ኮች ምክር ካልሰጠ ታዲያ ምን ይሠራል?

«እሺ» የምትለው ቃል በቤታችን ውስጥ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛዋ «እሺ ይበልጣል ከሺ» የተባለላት ናት። ሁለተኛዋን ደግሞ ልጅዎ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ምክርዎ ቶሎ እንዲያልቅለት ይላታል። ይህቺኛዋ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለችም፤ «ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል» ማለት ናት። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ ሠራተኛም ለአለቃው ይጠቀሙባታል። በሳምንቱ ነገሩን ባለበት ቆሞ ሲያገኙት «ስንቴ ልንገርህ!» ይላሉ።

እውነት ነው፣ ነግረውታል። እኛ ደግሞ በመንገር አንታማም። ልጅ የሚማረውን የትምህርት ዘርፍ፣ እኅት የምታገባውን ሰው፣ ጎረቤት የሚገዛውን መኪና ሳይቀር እንመክራለን። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ስንል ለሰው ልጅ ሁለት አስተማሪ ብቻ የተመደበለት እናስመስላለን። ከምክርና ከመከራ መካከል ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሰውየው ራሱ ያየው ነገር። የላይፍ ኮቺንግ ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ከጎረቤቶቹ እንለየው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያምታታዋል። አነቃቂ ተናጋሪ መድረክ ላይ ይወጣል፣ እሱ ይናገራል፣ እርስዎ ያጨበጭባሉ፣ ሞቅ ብሎዎት ወደ ቤት ይገባሉ። አማካሪ ችግርዎን ሰምቶ «እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል» ይልዎታል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕመምን መርምሮ ያክማል። ላይፍ ኮች ከእነዚህ አንዱንም አይሠራም። ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ የሰማውን መልሶ ያሰማዎታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አብዛኛውን ሰዓት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። «ታዲያ ለምኑ ነው ገንዘብ የምከፍለው?» ካሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ የቴኒስ ሜዳ እንሂድ።

ቲሞቲ ጋልዌይ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቴኒስ ቡድን አምበል የነበረ አሜሪካዊ ነው። በኋላ በካሊፎርኒያ ቴኒስ ሲያስተምር አንድ ነገር ታዘበ። ተማሪዎቹን «ክንድህን እንዲህ፣ እግርህን እንዲያ» ባላቸው ቁጥር ይበልጥ ይደነባበራሉ፤ እሱ ዝም ሲል ግን ብዙውን ስሕተት ራሳቸው ያርሙታል። ስለዚህ ትእዛዙን ቀንሶ ቀላል ሥራ ሰጣቸው። ኳሷ መሬት ስትነካ «ነጠረች»፣ ራኬቱን ስትነካ «ተመታች» እያሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። ይኸው ነው። ዓይናቸው ኳሷ ላይ ተተከለ፣ ራሳቸውን መውቀሱን ረሱት፣ አመታታቸውም ተስተካከለ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1974 በመጽሐፍ አሳተመው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ተማሪ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሰውየው ራኬቱን ወደ ኋላ ሲወስድ በጣም ከፍ ያደርጋል። ችግሩን ያውቀዋል፤ አምስት አሰልጣኞች ነግረውታል። ለጋልዌይም የነገረው ራሱ ነው። ጋልዌይ ስድስተኛ ሆኖ አልመከረውም። ወደ አንድ ትልቅ የመስኮት መስታወት ወስዶ ራኬቱን እያወዛወዘ ራሱን እንዲያይ አደረገው። ሰውየው ደነገጠ፤ ራኬቱ በእርግጥም ከትከሻው በላይ ይወጣል! አምስት ጊዜ የሰማውን ነገር ያን ዕለት ገና ማየቱ ነበር።

አማርኛ ይህንን ልዩነት ከጥንት ያውቀዋል። ነገሩን በጆሯችን ስንቀበለው «ሰማሁ» እንላለን። ስንረዳው ግን «ገባኝ» ነው የምንለው፤ ነገሩ ከደጅ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሰው ደግሞ ያልገባውን ነገር «እሺ» ሊልበት ይችላል እንጂ ሊኖርበት አይችልም።

እስኪ አንድ ነገር እንሞክር። ሦስት ቃላት ልስጥዎት፦ ምጣድ፣ እናት፣ ገመድ። ከሦስቱም በፊት ሊገባ የሚችል አንድ ቃል ይፈልጉ። ወዲያው ካልመጣልዎት አይጨነቁ፤ ይተዉትና ማንበብዎን ይቀጥሉ።

ማርክ ቢማንና ጆን ኩኒዮስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ለሰዎች እንደዚህ ያሉ እንቆቅልሾችን በእንግሊዝኛ እየሰጡ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ ለኩ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙት። መልሱ ቀስ በቀስ በመፈተሽ ሳይሆን ድንገት ብልጭ ሲል፣ ሰውየው «አገኘሁት» ከማለቱ 0.3 ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ፣ በአንጎሉ ቀኝ ክፍል ከጆሮው ከፍ ብሎ ጠንካራ እንቅስቃሴ ታየ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ የማየት ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ከውጭ የሚገባውን ቀነስ ያደርጋል፤ ለቅጽበት ዓይኑን እንደ መጨፈን ማለት ነው። ሰው ከባድ ጥያቄ ሲጠየቅ ጣራ ጣራውን የሚያየው በዚህም ይመስለኛል። እኛ ግን ያንን ሰው ስናይ አንታገሥም። «ምን ሆንክ? ስማኝ እንጂ!» እንላለን። ሊመጣለት የነበረው መልስ እዚያው ይበተናል።

ቃሉ መጣልዎት? «እንጀራ» ነው። የእንጀራ ምጣድ፣ የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ ገመድ። ራስዎ አግኝተውት ከሆነ ትንሽ ፈገግ ብለዋል፤ ምናልባት ነገ ለሥራ ባልደረባዎ ይጠይቁታል። አሁን ከእኔ የሰሙት ከሆነ ደግሞ «አሃ፣ ልክ ነው» ብለው አልፈውታል። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው። ልጆች ሆነን «እንቆቅልሽ» ስንባባል መልሱን ከሰው አፍ ለመስማት አገር መስጠት ነበረብን፤ ማንም እንዲያው በቀላሉ አይነግረንም ነበር። የጨዋታው ደንብ ያለምክንያት የወጣ አይመስለኝም።

ወደ ኮቹ ክፍል እንግባ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ እናስብ። ታሪኩ የእገሊት አይደለም፤ አሠራሩን ለማሳየት ያዘጋጀሁት ነው። ዕድሜዋ 43፣ ባንክ ውስጥ 18 ዓመት ሠርታለች። የሐዋሳ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሁኚ ተብላለች። ባለቤቷ ሥራው አዲስ አበባ ነው፤ ትንሹ ልጇ 4ኛ ክፍል ነው። መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ነበራት፤ የቀሯት ሦስት ቀናት ናቸው።

«ይህ ሰዓት ሲያልቅ ምን ይዘው ቢወጡ ይፈልጋሉ?» ይላል ኮቹ።

«ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን።»

«እስካሁን ምን ምን አደረጉ?»

«ደመወዙን አስልቻለሁ። የሐዋሳን የቤት ኪራይ አጣርቻለሁ። እናቴን ጠየቅኋት፤ ልጆችሽን ለማን ትተሽ አለችኝ። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም አለች። ባለቤቴ... እሱ እንደፈለግሽ ነው ያለኝ።»

«‹እንደፈለግሽ ነው ያለኝ› ሲሉ ድምፅዎ ዝቅ አለ።»

ዝም ትላለች። ኮቹም ዝም ይላል።

«እንደፈለግሽ አለኝ፤ ቴሌቪዥን እያየ።» እንደገና ዝምታ። «ቅሪ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ የከረምኩት ስለ ሐዋሳ አይደለም ማለት ነው።»

«ስለ ምን ነበር?»

«ብሄድ ከቤቱ ውስጥ እጎድል እንደሆነ።»

ኮቹ ትንሽ ይቆይና «መጀመሪያ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ጥያቄ አሁንም ያው ነው?» ይላታል።

«አይደለም። መልሱን ለባንኩ ከመስጠቴ በፊት እሱን ማነጋገር አለብኝ።»

«መቼ?»

«ነገ ማታ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ።»

ኮቹ ያላለውን ልብ ይበሉ። «ባለቤትዎ ግድ የለውም» አላላትም፤ ይህንን ሊያውቅ አይችልም። ባልየው «እንደፈለግሽ» ያለው ውሳኔዋን አክብሮ ሊሆን ይችላል፤ «ቅሪ» ብሎ ዕድሏን ያበላሸ ሰው መሆን ፈርቶም ሊሆን ይችላል። «ይሂዱ» ወይም «ይቅሩ»ም አላለም። የሠራው ሥራ እንደዚያ መስታወት ነው። ድምፅዋ የት ቦታ እንደተለወጠ አሳያት። እናቷም ጓደኛዋም ሊያሳዩዋት አልቻሉም፤ ባይወዷት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በሐዋሳ ጉዳይ የራሳቸው አቋም ስላላቸው ነው። ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል፦ በውጤቱ ላይ ምንም ጥቅም ለሌለው፣ ሙሉ ጆሮው ግን ከእርስዎ ጋር ለሆነ ሰው።

ይህ ዓይነት ንግግር የተዝረከረከ ቢመስልም አጥንት አለው። የብዙ ኮቾች አጥንት «ግሮው» የሚባለው ባለ አራት ደረጃ አካሄድ ነው፤ ምን ትፈልጋለህ፣ አሁን ያለው ሁኔታ ምንድን ነው፣ ምን ምን አማራጭ አለ፣ የትኛውን መቼ ታደርጋለህ። አካሄዱን በሰፊው ያስተዋወቀው ሰር ጆን ዊትሞር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የአውሮፓን የመኪና ውድድር ሻምፒዮና ያሸነፈ እንግሊዛዊ ሹፌር ነበር። የጋልዌይን ሐሳብ ከቴኒስ ሜዳ ወደ መሥሪያ ቤት አሻገረው፤ በ1992ም መጽሐፍ ጻፈበት። በነገራችን ላይ «ጠይቆ ማዋለድ» የእነሱ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የሶቅራጥስ እናት አዋላጅ ነበረች፤ እሱም ሥራውን ከእሷ ሥራ ጋር ያመሳስለው እንደነበር ፕላቶ ጽፏል። በእኛም ዘንድ ጥሩ የነፍስ አባት ወይም ጥሩ ሽማግሌ ከመናገሩ በፊት ረጅም ጊዜ ያዳምጣል። ልዩነቱ ሽማግሌ በመጨረሻ ፍርድ ይሰጣል፤ ኮች አይሰጥም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ወጥመድ አለው። አማርኛ ውስጥ «ለምን» ጥያቄ ሆኖ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። «ለምን ዘገየህ?» ክስ ነው፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ አያስብም፣ ይከላከላል። «ለምን አካውንቲንግ አትማሪም?» ደግሞ ምክር ነው፤ የጥያቄ ምልክት ስላለው ብቻ ጥያቄ አይሆንም። ጥሩ ኮች ሁለቱንም ይሸሻቸዋል፤ «ምን»ን እና «እንዴት»ን ይመርጣል። «ለምን ተናደድክ?» ከማለት «ያናደደህ የቱ ላይ ነው?» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዛሬ ማታ ቤትዎ ይሞክሩትና የሚያገኙትን መልስ ርዝመት ይመልከቱ።

ይህን ሁሉ ስል ኮቺንግ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስፈራኝ ይህ ዓይነት ወሬ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሳምንታት ሙሉ ከአልጋው መነሣት ያቃተው፣ ሕይወቱን ማጥፋት የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ጥሩ ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ በስሙ ማፈርና መቀለድ ግን ብዙ ሰው ከሕክምና አዘግይቷል። ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት «መልሱ በውስጥሽ ነው» ብትባል ሁለተኛ በደል ነው። የውርስ ክርክር ጠበቃ፣ የስኳር ሕመም ሐኪም ይፈልጋል። የቤት ኪራዩ ከደመወዙ በላይ የሆነበት ሰውም ችግሩ የአስተሳሰብ ጉድለት እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል። መልሱ ሰውየው ውስጥ የሚገኘው ጥያቄው «እኔ ምን እፈልጋለሁ፣ ምንስ ያዘኝ?» ሲሆን ነው።

ኮች ለመያዝ ካሰቡ ሙያው በብዙ አገር ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሆኑን ይወቁ፤ ማንም ሰው ዛሬ ተነሥቶ «ላይፍ ኮች ነኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናውን የት እንደወሰደ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የመጀመሪያ ደረጃውን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ 60 ሰዓት ለተማረና 100 ሰዓት ኮች ሆኖ ለሠራ ሰው ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ 2,500 ሰዓት ሥራ ይፈልጋል። ወረቀት ብቻውን ሰውን ጥሩ አዳማጭ አያደርግም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያጣራል። የሚናገሩት ምሥጢር እንዴት እንደሚጠበቅም አስቀድመው ይስማሙ፤ በተለይ ክፍያውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤትዎ ከሆነ አለቃዎ ምን እንደሚነገረው ይጠይቁ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ብዙ የተናገረው ማን ነበር? እሱ ከነበረ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር የገዙት ንግግር ነው። «በሦስት ወር ሕይወትህን እቀይራለሁ» የሚልዎት ካጋጠመዎት ደግሞ ቡናዎን ጠጥተው ይመለሱ።

ኮች ለመያዝ አቅሙም ፍላጎቱም የሌላቸው ቤተሰቦች ከዚህ ሙያ አንዲት ነገር ሊዋሱ ይችላሉ። 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያለበትን ቤት እንውሰድ። አባት ሕክምና ይላል፣ እናት ሶፍትዌር ትላለች፣ ከአሜሪካ የደወለችው አክስት ነርሲንግ ትላለች። ልጁ «እሺ» ይላል፤ ያቺኛዋን። ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጠጥ ያስቸገራቸውን ሰዎች ሲረዳ ያስተዋለውን እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ ነበር። ረጂው «ተው» እያለ በተከራከረ ቁጥር ጠጪው የመጠጡ ጠበቃ ይሆናል። ሰው በልቡ ሁለቱንም ወገን ይዟል፤ እርስዎ አንዱን ወገን ሲይዙበት የቀረው ሌላኛው ብቻ ነው። ልጅዎም ምናልባት ስለ ሕክምና በልቡ ግማሽ ፍላጎት ነበረው፤ አባቱ ሙሉውን ስለያዘበት እሱ የቀረው እምቢታው ነው።

እስኪ አንድ ምሽት ምክሩን ያቆዩት። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ጎን ለጎን መሄድ ወይም መኪና ውስጥ መሆን ይቀላል፤ ልጁ የእርስዎን ፊት እያነበበ አይመልስም። «ባለፈው ዓመት ሰዓቱ ሳታውቀው ያለፈብህ ምን ስትሠራ ነው?» ይበሉት። «እንጃ» ይላል። «እንጃ» መልስ ማሰላሰያ ናት፤ አይቸኩሉባት። በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። አሥር ሰከንድ ለወላጅ ረጅም ጊዜ ነው፤ ምላስዎ ላይ ሦስት ምክር ይደረደራል፣ ይዋጧቸው።

ከዚያ የሚመጣው እርስዎ የተመኙት ላይሆን ይችላል። ከባዱ ቦታ ይህ ነው፤ ስለ ኮቺንግ የሚወራው አብዛኛው ወሬም የሚያልፈው ይህንን ነው። ያቺ የባንክ ሠራተኛ ባሏን ካነጋገረች በኋላ ዕድገቱን ልትተው ትችላለች፤ እናቷ ደስ ይላታል፣ ጓደኛዋ ትበሳጫለች። ልጅዎም «ሰዓቱ ያለፈብኝ የአጎቴ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስንፈታ ነው» ሊልዎት ይችላል፤ ለሕክምና ብለው አሥራ ሁለት ዓመት የግል ትምህርት ቤት ከፍለው። ያኔ ፊትዎ ከተለወጠ ልጁ ያየዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለጥያቄዎ የሚያገኙት ያቺኑ «እሺ» ነው። ኮቾች እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጠይቋት አጭር ጥያቄ አለቻቸው፤ አትፈርድም፣ አታደንቅም፣ በር ብቻ ከፍታ ትይዛለች። «ሌላስ?» ይበሉት፣ መንገዱን ሳያቆሙ።